ጨረቃም በየወሩ ትላጫለች

ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ፣ የኩምባኮናም ከተማ ሲያደንቀው የኖረ ይህ ጢሜ ያለ ሳሙና ይላጭ! በሰፈራችን የሚያጋንን ሰው አለ ሲሉ እሰማለሁ፤ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁትም።

አንድ የፀጉር አስተካካይ ልጅ፣ በእጁ ከመቀስና ከማበጠሪያ በቀር ምንም የሌለው፣ አምስት ሺህ ሕዝብ ዓይኑን አፍጥጦ እያየ የሰፈራችንን ጠባቂ አምላክ፣ እናታችን አማንን፣ በገዛ መቅደሷ ውስጥ አታለላት። ለክፋት ብሎ አይደለም። ለፍቅር ብሎ ነው። ስሙ ኢላንጎ ይባላል።

ኢላንጎ ቀን ቀን ከአባቱ ከቺናያ ጋር መቀስ ሲያንቀጫቅጭ ይውላል። የቤቱ ግድግዳ በሲኒማ ተዋናዮች ፎቶግራፍ የተሸፈነ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ይገባና «እንደዚህኛው አድርገኝ» ብሎ ይጠቁማል፤ ሲወጣ ራሱን መስሎ ይወጣል። በበዓል ቀን ደግሞ ኢላንጎ ነጭ ሱሪውን ለብሶ ከሰፈሩ ኦርኬስትራ ጋር የሲኒማ ዘፈን ይዘፍናል። ድምፁን እንዴት ልግለጸው? አንድ ጊዜ ሲዘፍን ወደ ትሪቺ የሚሄደው ባቡር አሥራ ሰባት ደቂቃ ቆሟል። የጣቢያው ሠራተኞች «ላም ሐዲድ ላይ ተኝታ ነው» ይላሉ። ይበሉ! ላሟስ ለምን ተኛች?

ይህን ድምፅ ከላይኛው ሰፈር በመስኮት ሆና የምትሰማ ሱጋንቲ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ መምህር ሴሻድሪ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው፤ ብራህሚን፣ ከሁሉ በላይ ነን የሚሉ የካህናት ዘር ናቸው፤ በቤታቸው ራዲዮ የሚከፈተው ለዜናና ለመዝሙር ብቻ ነው። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። ሱጋንቲ ቪና የሚሉትን ባለ ክር መሣሪያ ትደረድራለች፤ አባቷ ሲኖሩ የአማልክትን ዜማ፣ አባቷ ሲወጡ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሲኒማ ቤት የገባውን። ዓይኖቿን ያየ ሰው መንገዱን ይስታል፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አይቻት ወደ ቤቴ ለመግባት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

የቤቱ እውነተኛ ጌታ ግን መምህሩ አልነበሩም። እናታቸው እማማ አላሜሉ ነበሩ።

እማማ አላሜሉ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ባላቸው ሞተ። የዚያ ዘመን የብራህሚን ሴት ባል ሲሞትባት ፀጉሯ ይላጫል፤ እንደገና እንዳይበቅልም በየወሩ ይላጫል። ጌጥ የለ፣ ጥለት የለ፣ አበባ የለ። ሰው ለመልካም ነገር ከቤት ሲወጣ ፊት ለፊቱ ባል የሞተባት ሴት ካየ ገደ ቢስ ነው ይባላልና፣ እማማ አላሜሉ በደጅ የጫማ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ከማድቤቱ በር ኋላ ይሸሸጋሉ። ማንም ተሸሸጊ አላላቸው፤ ለምደውታል። ዛሬ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ኮቴውን ግን አሁንም ይሰማሉ።

ኢላንጎና ሱጋንቲ ፊት ለፊት የተነጋገሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በአበባ ሻጯ በሙኒያማ ቅርጫት ላይ አጎንብሰው። ሙኒያማ በየቀኑ ጠዋት፣ መምህሩ ወደ ሥራ ሲወጡ፣ በክር የተሰካ ጠምበለል በክንዷ እየለካች ለሱጋንቲ ፀጉር ታመጣለች። በጠምበለሉ መካከል የተጣጠፈ ወረቀት አለ። በሦስት ወር አራት ሺህ ደብዳቤ ተመላልሷል። አራት ሺህ ባይሞላ እንኳ የሙኒያማ ትከሻ መስክሯል።

«እትዬ ሙኒያማ፣ አበባው ዛሬ ከበደሽ?» ይላታል ኢላንጎ።

«አበባ መች ከብዶ ያውቃል፤ የሚከብደው የናንተ ውሸት ነው» ትለዋለች። «ሴትዮዋ ቢይዙኝ ቅርጫቱንም እኔንም ካቬሪ ወንዝ ነው የሚጥሉን።»

ያም ሆኖ በማግስቱ ትመጣለች። ኢላንጎም ወረቀቷን ከመክፈቱ በፊት ወደ አፍንጫው ያስጠጋታል፤ ቃሉ ገና ሳይነበብ ደረቱ ይሞላል።

*

የዚያ ዓመት የአማን በዓል ሲደርስ መድረኩ የተተከለው ልክ በመምህር ሴሻድሪ ቤት ትይዩ ነበር። ኢላንጎ አሥራ አንድ የሲኒማ ዘፈን በተከታታይ አወረደው። አሥራ ሁለተኛው ላይ የሃርሞኒየሙ ሰውዬ «ጉሮሮዬ ደረቀ» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ወረደ፤ ለምን የሱ ጉሮሮ እንደደረቀ እስካሁን ምስጢር ነው። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር ኢላንጎ ያለ ሙዚቃ፣ በባዶ ድምፁ፣ አያቱ ያስተኙበት የነበረችውን እንጉርጉሮ አነሳ።

«ጨረቃም በየወሩ ትላጫለች፣
ማን አለቀሰላት? ተመልሳ ትሞላለች።»

ቀና ሲል ሱጋንቲን በላይኛው መስኮት አያት። ከጎኗ በሳሪ የተሸፈነ የተላጨ ራስ አለ። ዓይኖቹን ከልጅቱ ሳይነቅል እንጉርጉሮውን ደገመው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ከመስኮቱ አንድ የተጨማደደ እጅ ወጣና መዝጊያውን ጧ! አድርጎ ዘጋው።

በማግስቱ የሱጋንቲ ደብዳቤ መጣ። «አያቴ ‹የማን ልጅ ነው?› አለችኝ። ‹የፀጉር አስተካካዩ የቺናያ› አልኳት። ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች። እራቷን አልበላችም። ኢላንጎ፣ አያቴ ስትቆጣ እጮሃለሁ አትልም፤ ዝም ነው የምትል። ዝምታዋን ፈራሁት።»

ኢላንጎ ደብዳቤውን ይዞ አባቱ ፊት ቆመ። ቺናያ የአንድ ደንበኛ አገጭ ላይ አረፋ እየቀባ ነበር።

«አባባ፣ የዲሬክተሩን ቤት ታውቀዋለህ?»

«የጓሮ በሩን አውቀዋለሁ» አለ ቺናያ። «የፊቱን አላውቅም። አያትህ ነፍሱን ይማረውና በየወሩ እየሄደ የሴትዮዋን ራስ ይላጭ ነበር፤ እሱ ሲሞት እኔ፤ አሁን ዓይኗ ሲደክም የልጅ ልጇ ናት በመቀስ የምታሳጥርላት መሰለኝ። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«ለምንም።»

«ለምንም ከሆነ ፊትህ ለምን ቢጫ ሆነ?» አለ ደንበኛው ከአረፋው ውስጥ።

ኢላንጎ ደብዳቤውን ኪሱ ከቶ ወጣ። የዚያችን ሴት ፀጉር፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ የወሰደው የነሱ ቤት ምላጭ ነው። እንግዲህ መስኮቱ ለምን እንደተዘጋ ሌላ ማብራሪያ ያስፈልጋል? ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልጻፈም። በአሥረኛው ቀን በጠምበለሉ ውስጥ ደብዳቤ ሳይሆን አንዲት የተበጠሰች የቪና ክር መጣችለት። ክሯን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ፣ በሃያ አራት ዓመቱ፣ ከሲኒማ ተዋናዮቹ ሁሉ ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያም ጻፈ።

ያችን ደብዳቤ ነው መምህሩ የያዟት። ነገሩ እንዲህ ነው። መምህር ሴሻድሪ ጠዋት ጃንጥላቸውን ይዘው ደፉን ሲሻገሩ አነጠሱ። አንድ ጊዜ ብቻ! ሲወጡ አንድ ጊዜ ያነጠሰ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ተመለሱ፤ ተቀመጡ፤ ውሃ ጠጡ። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ እሳቸው ውሃ ይጠጣሉ። ሙኒያማ በሰዓቷ ስትገባ ሱጋንቲን ስትጠብቅ መምህሩን አገኘች። «አምጪው፣ ለአማን ሥዕል እኔው እሰቅለዋለሁ» ብለው ጠምበለሉን ተቀበሏት። ሲዘረጉት ወረቀቷ እግራቸው ላይ ወደቀች።

እኔ በሦስተኛው መንገድ ላይ ሆኜ ጩኸቱን ሰምቻለሁ።

«የምላጭ ልጅ! በቤቴ! በአማን አበባ ውስጥ!»

በሳምንቱ ከማድራስ አንድ የባንክ ጸሐፊ ለሱጋንቲ ተፈለገ። ኮከብ ቆጣሪው ሁለቱን ኮከብ አስተያይቶ ደስ አለው። «ከአሥሩ መመዘኛ ዘጠኙ ገጥሟል!» አለ።

ሱጋንቲ ከጥግ ተነሣች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ግድግዳ ተደግፋ ነው የቆመችው።

«አባዬ፣ አሥረኛው እኔ ነኝ» አለች። «አልገጠምኩም።»

መምህሩ ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ ነው ከማድቤቱ በር ኋላ የእማማ አላሜሉ ድምፅ የመጣው።

«ሴሻድሪ! አትጩህባት። አበባ ይጠየቅ።»

አበባ መጠየቅ በእኛ አገር የመጨረሻው ችሎት ነው። አንድ ነጭ አበባ፣ አንድ ቀይ አበባ፣ እያንዳንዱ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ በአማን እግር ሥር ይቀመጣል። አንዱ ይነሣል። ነጭ ከሆነ ይሁን ነው። ቀይ ከሆነ አይሁን ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሥም አይከራከርም።

የመምህሩ ፊት በራ። እናታቸውን ያውቃሉ፤ ድንጋይ ናቸው። አማንም የብራህሚንን ልጅ ለምላጭ አትሰጥም። «እሺ እማዬ፤ ነገ ጠዋት» አሉና ለባንኩ ጸሐፊ ቤተሰብ የአዎንታ ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕራቸውን ፈለጉ።

ሱጋንቲ በጓሮ በር፣ በሙኒያማ እጅ፣ ለኢላንጎ የላከችው አንድ መስመር ነበር። «ነገ አበባ ይጠየቃል። ቀይ ከሆነ ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ነጭ ከሆነ ሺህ ዓመት እጽፍልሃለሁ።»

ኢላንጎ «ቀይ ከሆነ» የምትለውን ብቻ ደጋግሞ አነበበ። እግሩ ከዳው።

*

ጀግና የሚታወቀው እግሩ ሲከዳው ነው። ኢላንጎ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቶ አንድ እፍኝ ጠምበለል በሙዝ ቅጠል ጠቀለለ፤ በሙዝ ልጥም አሰረው፤ ደንበኛ አንገት ላይ ጨርቅ እንደሚያስር ሰው፣ በአንድ ጎትት በምትፈታ ቋጠሮ። ጥቅሉን ኪሱ ከቶ ወደ መቅደሱ ደጃፍ ሮጠ። ሙኒያማ መደቧ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ጥቅሎች አሰናድታ ጨርሳለች፤ ነጩን በግራዋ፣ ቀዩን በቀኟ አድርጋ ርጥብ ጨርቅ ልትደርብባቸው ነው።

«ተነሥተሃል?» አለችው።

«አልተኛሁም እትዬ ሙኒያማ።»

«እኔም። ያ አንድ መስመር ከአራት ሺሁ ይልቅ ከብዶኛል።»

ኢላንጎ በጣቱ ወደ ጎን ጠቆመ። «እትዬ ሙኒያማ፣ ያቺ ፍየል የማሪጎልድ አበባውን ቅርጫት ልትጨርሰው ነው!»

ፍየል በእርግጥም ነበረች፤ እንደ ዝሆን የምታክል ፍየል። ሙኒያማ «ሂጅ አንቺ ሌባ!» እያለች በተነሣችበት ቅጽበት የኢላንጎ እጅ ከመብረቅ ፈጠነ። ቀዩ ጥቅል ኪሱ ገባ፤ የሱ ነጭ በቦታው ተቀመጠ። አሁን ሁለቱም ነጭ ናቸው! አማን ብትፈልግም ባትፈልግም «ይሁን» ከማለት ሌላ መንገድ የላትም።

ሙኒያማ ተመልሳ ተቀመጠች። መጀመሪያ ጥቅሎቹን፣ ቀጥላ እሱን አየችው።

«ጸሎትህን አደረስክ?» አለች።

«አደረስኩ።»

«እንግዲያው ሂድ፤ ለሥራዬ ጋርደኸኛል።»

ቀዩን ጥቅል መንገድ ዳር ጥሎ ሄደ። የተሰማው ደስታ ይሁን ፍርሃት መለየት አልቻለም።

በመቅደሱ ውስጥ አምስት ሺህ ሕዝብ ተሰብስቧል። መምህር ሴሻድሪ እጃቸውን አጣምረው ከፊት፣ ሱጋንቲ እንደ ሻማ ቀጥና ከኋላቸው፣ ሙኒያማ ቅርጫቷን ይዛ በጎን፣ ኢላንጎ ከምሰሶ ጀርባ። ካህኑ ሁለቱን ጥቅሎች በአማን እግር ሥር አኖረና ዙሪያውን ቃኘ።

«አንድ ሕፃን ልጥራ፤ ንጹሕ እጅ ያንሣው።»

«ቆይ» አሉ የሱጋንቲን ክንድ ተደግፈው የቆሙት እማማ አላሜሉ። «እኔ ነኝ የማነሣው።»

ካህኑ ደነገጠ። «እማማ… ይቅርታ ያድርጉልኝ… ለመልካም ነገር ሲሆን፣ ባል የሞተባት ሴት እጅ…»

«ሃምሳ ስድስት ዓመት ከበር ኋላ ቆሜአለሁ» አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሰው ሲያገባ ቆሜአለሁ፤ ልጅ ሲወለድ ቆሜአለሁ። የገዛ ልጄ ሲዳር እንኳ ከበር ኋላ ነው የመረቅሁት። ዛሬ አልቆምም። አማን እጄን ከፈራች ራሷ ትንገረኝ።»

አማን ምንም አላለችም። ካህኑም ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

እማማ አላሜሉ በዳሰሳ ቀረቡ። ጣቶቻቸው አንዱን ጥቅል አገኙ፤ አንሥተው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ ጸለዩበት፤ መልሰው አኖሩት። ሁለተኛውን አነሡ፤ በሱም ላይ ጸለዩ። ረዥም ጸሎት ነበር። ከዚያ ለካህኑ ዘረጉለት።

«ይኸው። ክፈተው።»

ልጡ ተፈታ። ቅጠሉ ተዘረጋ። ጠምበለሉ እንደ ወተት ነጣ።

ኢላንጎ ምሰሶውን አቀፈው። ሱጋንቲ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ካህኑ እጁን ወደ ሌላኛው ጥቅል ሲሰድ የኢላንጎ ልብ ቆመች፤ እማማ አላሜሉ ግን ቀደሙት። «ያልተመረጠ አይከፈትም» አሉና ጥቅሉን አንሥተው ወደ መቅደሱ ኩሬ ወረወሩት። ጧ አለና ሰጠመ። መምህር ሴሻድሪ ለረዥም ጊዜ ውሃውን አዩት፤ ትከሻቸው ወረደ።

«እኔ ከአማን አልበልጥም» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን።

እማማ አላሜሉ ፊታቸውን ወደ ምሰሶው አዞሩ፤ ማየት እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል። «የቺናያ ልጅ፣ እዚያ ነህ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ በፊት ለፊቱ በር ግባ።»

ሱጋንቲ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት፣ በአባቷም ፊት፣ ቀጥ ብላ አየችው። በሕይወቱ ማንም እንደዚያ አይቶት አያውቅም።

*

ከሰዓት በኋላ ግን ደስታው ጎመዘዘው። ሱጋንቲ በሙኒያማ እጅ ደብዳቤ ልካለታለች። «ኢላንጎዬ፣ እስከ ዛሬ በሌባ በር የምገባ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አማን ራሷ እጄን ይዛ በፊት ለፊት አስገባችኝ። ከእንግዲህ የምፈራው ምንም የለም።»

ሦስት ጊዜ አነበባት። አንድ ደንበኛ በግማሽ ጢም ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

«ኧረ አንዱን ወገን ጨርሰው!» አለ ደንበኛው።

ኢላንጎ ምላጩን አጥፎ አስቀመጠና ወጣ። የምትፈራው የለም፤ እሱ ግን አለው። ከዚህች ልጅ ጋር አርባ ዓመት ሲኖር፣ ልጅ ሲታመም፣ ዝናብ ሲቀር፣ አንድ ሳህን ሲሰበር እንኳ፣ «ያቺ ጥቅል ናት» እያለ ሊኖር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሷ አማን ሰጠችኝ እያለች እሱ ሰርቆ እንዳገኛት እያወቀ ዓይኗን ማየት አለበት። ቢናገር ያጣታል። ባይናገርም አላገኛትም።

ፊት ለፊት በሩ ድረስ ሄደ፤ እግሩ እምቢ አለው። ዞሮ በጓሮ በኩል መጣ።

በጓሮው ደጃፍ እማማ አላሜሉ ደፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሱጋንቲ ከኋላቸው ቆማለች። ሙኒያማ መሬት ላይ ተቀምጣ የሠርጉን ጠምበለል በክንዷ ትለካለች። መምህር ሴሻድሪ ከውስጥ የኮቴውን ድምፅ ሰምተው ብቅ አሉ።

«በፊት ለፊት ግባ ተብለህ አልነበር?» አሉት፤ ቅር እንዳላቸው።

«በዚያ በር የምገባ ሰው አይደለሁም» አለ ኢላንጎ። ድምፁ፣ ያ ባቡር ያቆመው ድምፅ፣ ተሰነጠቀ። «እማማ፣ ይማሩኝ። መምህር፣ ይማሩኝ። አበባው ውሸት ነው። ዛሬ ጠዋት ቀዩን ጥቅል አውጥቼ ነጭ ተካሁበት። ሁለቱም ነጭ ነበሩ። በአምስት ሺህ ሰው ፊት አማንን አታለልኳት። አማን ምንም አልተናገረችም፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

የሱጋንቲ ፊት ሲነጣ አየ። እንደ መስኮቱ ጧ ባይልም፣ ሲዘጋ ተሰማው።

«ለምን?» አለችው በሹክሹክታ።

«ፈርቼ ነዋ። ሱጋንቲ፣ እንዳላጣሽ ፈርቼ። ሰርቄ ሳገኝሽ ደግሞ… ሰርቄ ያገኘሁሽን እንዴት የኔ ልበልሽ?»

መምህር ሴሻድሪ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። «ሌባ!» አሉ፤ ነገር ግን ድምፃቸው የጠበቁትን ያህል አልጮኸም። በደጃቸው ቆሞ ራሱን የሚከስ ሌባ ከዚህ በፊት አላዩም። «እማዬ፣ ሰምተሻል? አበባው አልተጠየቀም ማለት ነው። አበቃ!»

እማማ አላሜሉ ዝም አሉ። ያ የሚፈራው ዝምታ ነበር። ኢላንጎ ሊሄድ ዞረ።

«አንድ ክንድ… ሁለት ክንድ…» ትላለች ሙኒያማ። ራሷን ሳታነሣ፣ ጠምበለሉን ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ እየዘረጋች፣ ቀስ ብላ «ምኑን ሰረቀ?» አለች።

«እትዬ ሙኒያማ፣ ተዪኝ፤ እኔ ነኝ የማውቀው…»

«ምንም አታውቅም። መጀመሪያ ነገር፣ አምስት ሺህ ሰው አልነበረም። ስድስት ነበርን፤ አንተን ከምሰሶው ኋላ ቆጥሬ። ያንተን ጥቅል ደግሞ ፍየሏ በላቻት።»

ኢላንጎ ቆመ።

«ቋጠሮዋን ሳያት የማን እጅ እንደሆነች አወቅሁ። አበባ ሻጭ አንገት ላይ ጨርቅ እንደሚያስር ሰው አያስርም፤ ሠላሳ ዓመት አባትህ ጋ ልጆቼን አስላጭቼ አላውቅም እንዴ? እኔ ሁለት ነጭ ይዤ አማን ፊት አልቆምም፣ የኔ ልጅ። አዲስ ቀይ ጠቀለልኩ። አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ ነው የቀረበው። እንደ ሥርዓቱ።»

«እና…» አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «እንግዲያው አማን ናት የመረጠችው።»

ሙኒያማ ክሩን አጠበቀችው። «እማማ የመጀመሪያውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ መለሱት። ሁለተኛውን አስጠጉት፤ ያዙት። ቀዩ አበባ አይሸትም።»

«እናቴ ትጸልይ ነበር!»

«ጸሎትም ይሆናል፤ እኔ ያየሁትን ነው።»

«ሙኒያማ፣ በቃሽ» አሉ እማማ አላሜሉ። እጃቸው ግን ደፉን፣ አንድ የተቦረቦረ ቦታ፣ ይዳብስ ነበር።

«ቢበቃኝ ደስ ባለኝ፤ ልጁ ሊሄድ ነው እኮ» አለች ሙኒያማ። አሁንም ቀና አላለችም። «ልጅ ሳለሁ እናቴ እዚህ ቤት አበባ ስታመጣ ተከትያት እመጣ ነበር። አያትህ እዚህ ደፍ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ምላጩን በደፉ ድንጋይ ላይ ሲስል እማማ ስለሚያለቅሱ፣ ድምፁን እንዳይሰሙት ይዘፍንላቸው ነበር። ጨረቃም ትላጫለች እያለ። ያንተ እንጉርጉሮ መቼ ያንተ ሆነችና! መስኮቱን የዘጉ ዕለትም እዚህ ነበርኩ። ተቆጥተው መሰለህ? ሲያለቅሱ ሰው እንዳያይ ነው የዘጉት።»

ሱጋንቲ አያቷ አጠገብ ቁጭ አለች። ኢላንጎ ከጉልበቱ ዝቅ ሲል፣ ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ውስጥ ታስሮ የነበረው አየር ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። መምህር ሴሻድሪ አንዴ እናታቸውን፣ አንዴ የተቦረቦረውን ደፍ አዩ።

«እማዬ» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ትንሽ ልጅ። «እውነት አሸተትሽው?»

የመለሰችው ሙኒያማ ናት፤ ለራሷ የምትናገር ያህል ዝቅ አድርጋ።

«ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጠምበለል ራሳቸው ላይ ያላረፈባቸው ሴት ሽታውን ይስቱታል?» አለችና ክንዷን እንደገና ዘረጋች። «ሦስት ክንድ…»